ምዕራፍ ሰባት፦ ብቻቸውን አንደኛ የወጡ

አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሆቴል አዳራሽ መሐል፣ ለዕለቱ በተገጣጠመ የእንጨት ወለል ላይ ይቆማሉ። በሰውየው ጀርባ ላይ ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። የመርሐ ግብር መሪው ምድባቸውን ይጠራል፣ ዋልስ ይከፈታል፣ በወለሉ ዳር የቆሙት አምስት ዳኞች ብዕራቸውን ያነሳሉ። ሙዚቃው ሲያበቃ ሁለቱ እጅ ነሥተው ይወጣሉ። ማታ ውጤት ሲነበብ አንደኛ ወጥተዋል። ሁለተኛ የወጣ የለም፤ ሦስተኛም የለም። በምድቡ የተመዘገቡት እነሱ ብቻ ነበሩ።

በአሜሪካ በየአካባቢው በሚካሄዱ የቦልሩም ዳንስ ውድድሮች ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ይቀልዱበታል። ቀልዱ ግን ሩቅ አይሄድም፤ ወራት ተለማምዶ፣ ለአውሮፕላንና ለሆቴል ከፍሎ፣ ልብስ አሰፍቶ የመጣ ሰው ሐሳቡ መወዳደር ነበር። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ አዳራሹ ብዙ ጊዜ ባዶ አለመሆኑ ነው። በዚያው ወለል ላይ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ሰው ሲፈራረቅ ይውላል። የሳሱት አማተር ጥንዶች ናቸው፤ ማለትም ወደው ተጣምረው የሚደንሱ፣ አንዳቸው ከሌላው ገንዘብ የማይቀበሉ ሁለት ሰዎች።

የአሜሪካ ውድድሮች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንደኛው የማኅበሩ ጎራ ነው። ዛሬ ዩኤስኤ ዳንስ የሚባለው ማኅበር በ1965 (በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአማተር ዳንሰኞች ማኅበር ሆኖ ተቋቋመ። በየከተማው ያሉ ቅርንጫፎቹ የዳንስ ምሽት ያዘጋጃሉ፤ በጎ ፈቃደኞቹም በየአካባቢው ለብሔራዊው ሻምፒዮና የሚያበቁ ውድድሮችን ያሰናዳሉ። በኒውዮርክ የማንሃተን አማተር ክላሲክ፣ በቺካጎ የዳንስስፖርት ቻሌንጅ፣ በሉዊዚያና ባተን ሩዥ በአገሬው ወጥ ስም የተሰየመው የጋምቦ ዳንስስፖርት ሻምፒዮና፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ የሚድ አትላንቲክ ሻምፒዮና ከዚህ ማኅበር ጋር ስማቸው የሚነሳ ነው። ሁለተኛው ጎራ የግል አዘጋጆች ጎራ ነው፤ ከ1948 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የዳንስ ምክር ቤት ዕውቅና ይሰጣቸዋል። በኦሃዮ ኮሎምበስ የሚካሄደውና ለዓመታት በሕዝብ ቴሌቪዥን የታየው ኦሃዮ ስታር ቦል ከእነዚህ ትልልቆቹ አንዱ ነው። የግል አዘጋጆቹ ነጋዴዎች ናቸው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ማን ገንዘቡን እንደሚያመጣ ካላወቅን ግን ወለሉ ላይ ማን እንደሚታይ አይገባንም።

ብቸኝነቱ የሚጀምረው ከመመዝገቢያው ቅጽ ነው። የዳንስ ዘርፎቹ አራት ናቸው። ስታንዳርድ በሚባለው ዋልስ፣ ታንጎ፣ የቪየና ዋልስ፣ ስሎው ፎክስትሮትና ኩዊክስቴፕ ይደነሳሉ፤ በዚህ ዘርፍ ጥንዱ ከተያያዘ እስከ መጨረሻው አይላቀቅም። ላቲን ሳምባን፣ ቻቻቻን፣ ሩምባን፣ ፓሶ ዶብሌንና ጃይቭን ይይዛል። አሜሪካኖች ከዚህ ሌላ የራሳቸው ሁለት ዘርፎች አሏቸው፤ ስሙዝ (የስታንዳርድ ዘመድ፣ ግን መለያየትና መሽከርከር የሚፈቀድበት) እና ሪዝም፣ እሱም ቦሌሮና ማምቦ የሚጨመሩበት። እያንዳንዱ ዘርፍ ስድስት ደረጃ አለው። ነሐስ፣ ብርና ወርቅ በተወሰነ የእርምጃ ዝርዝር የሚደነሱ ናቸው፤ ከዝርዝሩ የወጣ እርምጃ ያሳየ ተወዳዳሪ ይቀጣል። ከዚያ በላይ ኖቪስ፣ ፕሪ ሻምፒዮንሺፕና ሻምፒዮንሺፕ ይመጣሉ፤ እዚያ እርምጃው ነጻ ነው። ደረጃው ሁሉ ደግሞ በዕድሜ ይሸነሸናል፤ አዋቂ ከ19 ዓመት ይጀምራል፣ ቀጥሎ የ35፣ የ45፣ የ55፣ የ65 እየተባለ ይወጣል።

አሁን ማባዛት ነው። አራት ዘርፍ፣ ስድስት ደረጃ፣ አምስት የዕድሜ እርከን፤ 120 ሳጥን። ሕፃናትና ወጣቶች ገና አልተቆጠሩም። በአንድ ቅዳሜና እሑድ 60 አዋቂ ጥንድ ቢመጣ እንኳ ለሁለት ሳጥን አንድ ጥንድ ይደርሳል። እርግጥ አንድ ጥንድ በብዙ ሳጥን መመዝገብ ይችላል፤ የ55 ዓመቱ ሰው ከጎልማሶቹ ጋርም ሊደንስ ይፈቀድለታል። ሳጥኖቹም እኩል አይሞሉም፤ በአንዱ አሥር ጥንድ ሲጋፋ በሌላው አንድም አይገኝ።

ሳጥኑን ማን አበዛው ብሎ መቆጣት ይቀላል። ግን አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም ምክንያት አላቸው። ሐምሳ ስምንት ዓመቷ ላይ መደነስ የጀመረች ሴት በስድስት ዓመቷ ከጀመረች የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ጋር መወዳደር የለባትም። ሦስት ዓመት የተማረ ሰውም ሦስት ወር ከተማረ ጋር ተሰልፎ ሜዳሊያ መሰብሰብ የለበትም፤ ለዚህ ሲባል ያሸነፈ ሰው ነጥብ ይያዝለትና ነጥቡ ሲሞላ ወደ ላይኛው ደረጃ ይገፋል። እያንዳንዱ አጥር ደካማውን ለመጠበቅ የታጠረ ነው። አጥሮቹ ሲደመሩ ግን ደካማውም ብርቱውም በየጓሮው ብቻውን ቆመ።

የሞላ ሳጥን ሲገኝ ነገሩ ሌላ ነው፤ የውድድሩ ጣዕም ያለውም እዚያ ነው። በሩብ ፍጻሜ 24 ጥንድ በአንድ ጊዜ ወለሉ ላይ ወጣ እንበል። ሁሉም በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። ሙዚቃው አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይቆያል። ዳኛው ከ24ቱ 12ቱን መርጦ ለግማሽ ፍጻሜ ማሳለፍ አለበት፤ 90 ሰከንድ ለ24 ሲካፈል ለአንድ ጥንድ አራት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚህ ዙር ነጥብ የሚባል የለም፤ ዳኛው የወደደው ጥንድ ቁጥር አጠገብ ምልክት ያደርጋል፣ በቃ።

በአራት ሰከንድ ምን ይታያል? ምቱን መጠበቅ ይታያል። አቋም ይታያል፤ የሴቲቱ አንገት፣ የወንዱ ትከሻ፣ ክንዶቻቸው የሠሩት ቅርጽ መርጋቱና መንጋደዱ። ወለሉን እየበሉ መሄዳቸው ወይም እዚያው መርገጣቸው ይታያል። ለወራት የተለፋበት ውስብስብ እርምጃ ግን ዳኛው ዐይኑን ሌላ ጥንድ ላይ ባሳረፈበት ቅጽበት አልፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ጥንዶች ምርጥ እንቅስቃሴያቸውን ዳኞች በሚበዙበት የወለል ዳር ላይ እንዲያርፍ ያሰናዳሉ፤ ሌላው ጥንድ መንገዳቸውን ሲዘጋ ደግሞ ያሰቡትን ጥለው በቅጽበት ሌላ ይፈጥራሉ። በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚወጣበት፣ በሚያብረቀርቅ ድንጋይ የተለበጠው ቀሚስ ምሥጢሩም ይኸው ነው። ከውጭ ለሚያይ ከንቱ ማጌጥ ይመስላል፤ ለለባሿ ግን የዳኛውን ዐይን ለአንድ ሰከንድ የመጥራት ጉዳይ ነው። ብዙ ውድድሮች በታችኞቹ ደረጃዎች ይህን ዓይነት ልብስ የሚከለክሉት ጀማሪውን ከወጪ ለማዳን ነው፤ በጎ ክልከላ ነው።

ፍጻሜው ላይ በተለምዶ ስድስት ጥንድ ይቀራል። እያንዳንዱ ዳኛ ከአንድ እስከ ስድስት ደረጃ ይሰጣል፤ ሁለት ጥንድ እኩል ነው ማለት አይፈቀድለትም። ደረጃዎቹ የሚጠናቀሩት ስኬቲንግ ሲስተም በተባለ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ በተጀመረ ደንብ ነው። ዐሥራ አንድ ሕጎች አሉት፤ እዚህ የሚያስፈልገን አንዱ ብቻ ነው፦ የሚያሸንፈው አብዛኞቹ ዳኞች አንደኛ ያሉት ጥንድ ነው። ድምሩ አይታይም።

ይህ ምን ያህል እንደሚለይ በምሳሌ እንየው። ለአንደኛው ጥንድ አምስቱ ዳኞች 1፣ 1፣ 1፣ 5፣ 6 ሰጡ። ለሌላው ጥንድ 2፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1 ሰጡ። በድምር ከሄድን የመጀመሪያው 14፣ ሁለተኛው 8 አለው፤ ዝቅተኛ ቁጥር የተሻለ ስለሆነ ሁለተኛው ጥንድ በሰፊው ባሸነፈ ነበር። በስኬቲንግ ሲስተም ግን አሸናፊው የመጀመሪያው ነው፤ ከአምስቱ ሦስቱ አንደኛ ብለውታል። አራተኛውና አምስተኛው ዳኛ አምስተኛም አሉት ስድስተኛ፣ ከቦታው አያወርዱትም።

ደንቡ ጨካኝ ይመስላል፤ ሁሉም የወደደው ጥንድ ሁለቱ ዳኞች ባልወደዱት ተሸነፈ። ለአካባቢ ውድድር ግን ከዚህ የሚሻል ነገር ለማግኘት ያስቸግራል ባይ ነኝ። ምክንያቱም የዳንስ ዓለም ጠባብ ነው። ቅዳሜ የሚዳኘው ሰው ከሰኞ እስከ ዐርብ አስተማሪ ነው፤ ወለሉ ላይ ካሉት ጥንዶች አንዱን ባለፈው ወር አስተምሮት ይሆናል፤ የሌላውን አስተማሪ ደግሞ አይወደው ይሆናል። ድምር ቢሆን አንድ ዳኛ ሆን ብሎ በሚጥላት 6 ብቻ ውጤት ይገለብጥ ነበር። በአብላጫ ደንብ ግን ሌሎቹ ሦስት ዳኞች አንደኛ ያሉትን ጥንድ አንዱ ቂመኛ ብቻውን አያወርደውም። ብቻውን በተወዳደረው ጥንድ ላይ ሲደርስ ይህ ሁሉ ጥበብ ሥራ ያጣል። አምስቱም 1 ይጽፋሉ፤ ሌላ የሚጽፉት ቁጥር የላቸውም።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በእንግሊዝ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ያለችው ብላክፑል ባሕር ለማየት ከላንክሻየር ጥጥ ፋብሪካዎች የሚጎርፉ ሠራተኞች ከተማ ነበረች። በ1920 በከተማዋ ዊንተር ጋርደንስ ባለው ኤምፕረስ ቦልሩም የዳንስ ፌስቲቫል ተጀመረ። የመጀመሪያው ዓመት ዋና ጉዳይ አዳዲስ ዳንሶችን ማወዳደር ነበር። በ1931 ግን የብሪታንያ የአማተሮችና የባለሙያዎች ሻምፒዮና እዚያው ተተከለ፤ የዓለም ቦልሩም ዳንሰኛ እስከ ዛሬ የሚመኘው ወለል ያ ነው። ከብላክፑል ወለል በታች በየከተማው የሕዝብ ዳንስ ቤቶች ነበሩ። ቅዳሜ ማታ የፋብሪካ ሠራተኛውም ጸሐፊዋም ትንሽ ከፍለው ይገባሉ፤ ፎክስትሮት አለማወቅ ያሳፍር ነበር። ተወዳዳሪ የሚባለው ከዚያ ሕዝብ መሐል ትንሽ በለጥ ያለው ነው። አጣማሪ ፍለጋ የሚባል ችግር አልነበረበትም፤ አዳራሹ ሙሉ አጣማሪ ነበር።

ይህን ሕዝብ ወደ ቴሌቪዥን ያመጣው ኤሪክ ሞርሊ ነው፤ ሚስ ወርልድ የተባለውን የቁንጅና ውድድር የፈጠረውም እሱ ነው። ከም ዳንሲንግ የተባለው የቢቢሲ ዝግጅት መጀመሪያ ላይ የዳንስ ትምህርት ነበር። ከ1953 ጀምሮ ግን የብሪታንያ አካባቢዎች እርስ በርስ የሚገጥሙበት ሆነ። ተወዳዳሪዎቹ አማተሮች ነበሩ፤ ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩ፣ ማታ በጅራታም ኮትና በተነፋፋ ቀሚስ የሚሽከረከሩ። ተመልካቹ በመስኮቱ የሚያየው የራሱን አገር ሰው፣ የራሱን ከተማ ቡድን ነበር። ዝግጅቱ እስከ 1990ዎቹ ዘልቋል።

ዳንስ ቤቶቹ ግን ያን ያህል አልዘለቁም። በ1960 ቻቢ ቼከር ትዊስትን ይዞ መጣ፤ ወጣቱ ሳይያያዝ መደነስ ለመደ። ከዚያ ዲስኮ። (በአዲስ አበባም በንጉሡ ዘመን ኦርኬስትራዎቹ ዋልስና ታንጎ፣ ቻቻና ቦሌሮ ይጫወቱ ነበር፤ ዛሬ ያን እርምጃ የሚያውቀው የዚያ ትውልድ ሰው ነው።) መያያዝ ሲቀር መምራትና መከተል የሚባለው ዕውቀት ከሕዝብ እጅ ወጣ፤ በክፍያ የሚማሩት ነገር ሆነ። ውድድሩ እንዳለ ቀጠለ፤ ከሥሩ የነበረው አዳራሽ ግን ተነሣ።

በ2004 ቢቢሲ ስትሪክትሊ ከም ዳንሲንግን ጀመረ፤ በማግሥቱ ዓመት ኤቢሲ የአሜሪካውን ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስን አቀረበ። የዳንስ አስተማሪዎች ዝግጅቱ ተማሪ አመጣልን ብለው ያመሰግኑታል፤ እውነታቸውን ነው። ያስተማረው ግን ምን እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በአሮጌው ከም ዳንሲንግ ሁለት እኩያ አማተሮች ይደንሱ ነበር። በአዲሱ አንድ ዝነኛ ሰው ከባለሙያ ጋር ይጣመራል፤ ባለሙያው ይመራዋል፣ ስሕተቱን ይሸፍንለታል፣ ያሳምረዋል። ተመልካቹ ለመደነስ የሚያስፈልገው አጣማሪ ሳይሆን አስተማሪ ነው ብሎ ተነሣ።

አሜሪካ ለዚህ ከድሮም የተመቸች ናት። አርተር መሪና ፍሬድ አስቴር የሚሉ ስሞችን የተሸከሙት የዳንስ ትምህርት ቤቶች ሰንሰለት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት ጀምሮ ሥር ሰድዷል። ከዚያ ቤት የወጣው ፕሮ አም የሚባለው ውድድር ነው፤ ተማሪው ከአስተማሪው ጋር ተጣምሮ ይወዳደራል፣ የሚዳኘው ተማሪው ብቻ ነው። ክፍያው በዳንስ ነው። አንዲት ተማሪ ዋልስ ስትደንስ ትከፍላለች፣ ታንጎ ስትደንስ እንደገና ትከፍላለች፤ አንዳንዷ በአንድ ውድድር በብዙ ዐሥሮች የሚቆጠር ዳንስ ትደንሳለች። ከዚህ ሌላ የአስተማሪው የቀን አበል፣ የጉዞውና የሆቴሉ ድርሻ አለ። አዘጋጆች ብዙ ዳንስ ላስመዘገበ ተማሪ፣ አስተማሪና ትምህርት ቤት ሽልማት ያዘጋጃሉ፤ ለአስተማሪው በገንዘብ ጭምር። ሽልማቱ በአብዛኛው ለብዛት እንጂ ለጥራት አይደለም።

በአዘጋጁ ቦታ ሆነን ሒሳቡን እንየው። አማተሩ ጥንድ ለአንድ ሳጥን ይመዘገባል፤ ክፍያውን ሁለቱ ይካፈላሉ፤ ምናልባት ዘመድ ቤት ያድራሉ። ፕሮ አሟ ተማሪ የሆቴሉን ክፍል፣ የማታውን እራት፣ የዐሥሮቹን ዳንስ ክፍያ ይዛ ትመጣለች። የጊዜ ሰሌዳ ሲወጣ ማን አመቺውን ሰዓት እንደሚያገኝ መገመት አያቅትም። ይህን ስል ተማሪዋን ለመውቀስ አይደለም። ባሏ የሞተባት የ70 ዓመት ሴት አጣማሪ እስክታገኝ ትጠብቅ ማለት አትደንስ ማለት ነው፤ አስተማሪዋ ግን ማክሰኞ በአራት ሰዓት በሰዓቱ ይገኛል፣ አያኮርፍም፣ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብሎ አይሄድም። እንዲያውም የአማተሮቹ ሳጥኖች በግል ውድድሮች ላይ ክፍት የሚሆኑት አዳራሹን እሷ ስለከፈለችላቸው ነው።

የማኅበሩ ጎራ ፕሮ አም ለግል አዘጋጆቹ የሚያመጣውን ያህል ገንዘብ የለውም። አዳራሹን፣ የወለሉን ኪራይ፣ ከሩቅ የሚመጡ ዳኞችን ትኬት፣ ውጤት የሚያሰላውን ባለሙያ መክፈል አለበት። እንደ ሠርግ ድግስ ነው፤ የተጠራው ቀረ ተብሎ የድንኳኑ ኪራይ አይመለስም። ተመዝጋቢ ሲያንስ ክፍያ ይጨመራል፤ ክፍያ ሲጨመር ተመዝጋቢ ያንሳል። በጎ ፈቃደኞቹም ብዙ ጊዜ ራሳቸው ዳንሰኞች ናቸው፤ የጠዋቱን ምዝገባ ጠረጴዛ የያዘችው ሴት ከሰዓት ላይ ቀሚሷን ቀይራ ለመወዳደር ትሮጣለች።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ አጣማሪው አይገኝም። ይህን ሰዎች አቅልለው ያያሉ። አጣማሪ የሚፈልግ ሰው ቁመቱ የሚመጥን፣ ደረጃው የተቀራረበ፣ በሳምንት የሚለማመድበት ቀን የሚገጥም፣ የሚወደው ዘርፍ አንድ የሆነ፣ በዚያው ከተማ የሚኖርና ሲሳሳት የማይጮህበት ሰው ይፈልጋል። ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ፤ ስለዚህ መካከለኛ ወንድ ያማርጣል፣ ጎበዝ ሴት ትጠብቃለች። ባልና ሚስት የሆኑ ጥንዶች ይህን ችግር ያለፉ ይመስላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ «አንተ ነህ ምቱን የሳትከው» የሚለውን ክርክር መኪና ውስጥ ይዘው ይገባሉ።

ልጆቻቸውን በሕፃንነት አጣምረው የሚያሳድጉ ስደተኛ ማኅበረሰቦች ባይኖሩ የወጣቶቹ ሳጥኖች ይበልጥ ይሳሱ ነበር። ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጡ ቤተሰቦች የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆችን እንደ ዋና ወይም እንደ ቼዝ ዳንስ ማስተማርን ይዘው ብሩክሊንና ኒው ጀርዚ ገቡ። በዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ የታወቁት ማክሲምና ቫለንቲን ቸመርኮቭስኪ በ1994 ከኦዴሳ የመጣ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ በውድድር ወለል አድገው ባለሙያ ሆኑ። በካሊፎርኒያ ደግሞ የቻይና ተወላጅ የሆኑ አረጋውያን የዳንስ ቤቶችን ሞልተው ይዘዋል። በጥር 2023 በሞንቴሬይ ፓርክ ስታር ቦልሩም ታጣቂ 11 ሰዎችን ሲገድል በአዳራሹ የነበሩት አብዛኞቹ የጨረቃ አዲስ ዓመት ዋዜማን በዳንስ ሊያከብሩ የወጡ እነዚህ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። እነሱ ሜዳሊያ አይፈልጉ ይሆናል፤ ተያይዞ የመደነስን ዕውቀት በሕዝብ እጅ ያቆዩት ግን እነሱ ናቸው።

ከሁሉም የደመቀው ሌላ ቦታ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች። በሃርቫርድ፣ በኤምአይቲ፣ በኮርኔልና በሌሎችም ያሉ የተማሪ ቡድኖች በሚያዘጋጇቸው ውድድሮች ላይ የጀማሪዎች ምድብ አንዳንዴ ከሩብ ፍጻሜ በፊት ማጣሪያ እስኪያስፈልገው ይሞላል። እዚህ ብቻውን የሚደንስ ጥንድ ማግኘት ያስቸግራል። ምክንያቱ ከላይ ያየናቸው ሁለት ችግሮች አለመኖራቸው ነው። ተማሪው ሁሉ ዕድሜው የተቀራረበ ስለሆነ ሳጥኑ በዕድሜ አይሸነሸንም። አጣማሪም አይጠፋም፤ መስከረም ላይ አንድም እርምጃ የማያውቁ ዐሥሮች ይመጣሉ፣ ቡድኑ ቁመታቸውን እያየ ያጣምራቸዋል፣ ኅዳር ላይ ይወዳደራሉ። ልብሱ ጥቁር ሱሪና ሸሚዝ፣ ተራ ጉርድ። ጫማ ካለፈው ዓመት ተማሪ ይዋሳሉ። እንግዳው ቡድን በአስተናጋጁ ቡድን ተማሪዎች ክፍል ወለል ላይ ያድራል። የሚወዳደር ባልንጀራ ሲጠራ የቡድኑ ሰው ቁጥሩን እየጠራ ይጮህለታል፤ በግል ውድድር ላይ ጭብጨባው በእራት ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡ ጨዋ እንግዶች የሚመጣ ለስላሳ ነገር ነው።

ከምረቃ በኋላ ያለው ግን ያው ነው። ወንዱ ሲያትል ሥራ ያገኛል፣ ሴቷ ቦስተን ትቀራለች። ሁለቱም የብር ደረጃ ዳንሰኞች ናቸው፤ ሁለቱም ከጥቂት ወራት በኋላ ወይ ዳንስ ይተዋሉ፣ ወይ አስተማሪ ይቀጥራሉ። አንዳንዱ ራሱ አስተማሪ ይሆናል፤ ወደ ባለሙያነት ካለፈ ደግሞ አማተርነቱ ያበቃል። ከነበረበት ሳጥን ላይ አንድ ጥንድ ተቀነሰ።

የዳንስ ድርጅቶቹ ባለሥልጣኖችም በዚህ ሁሉ ላይ እርስ በርስ ተጣልተዋል። ዛሬ የዓለም ዳንስስፖርት ፌዴሬሽን የሚባለው ድርጅት በ1957 በጀርመን ቪስባደን የአማተሮች ምክር ቤት ሆኖ ተመሠረተ፤ በ1997 የዓለም አቀፉን ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሙሉ ዕውቅና አገኘ። በሌላ ወገን የባለሙያዎቹ የዓለም ዳንስ ምክር ቤት ቆመ፤ እሱም የራሱን የአማተሮች ሊግ አቋቋመ። አንዱ በሌላው ውድድር የደነሰን ሰው እስከ መከልከል ተደረሰ። በአሜሪካም ለአማተሮች ሁለት ብሔራዊ ሻምፒዮና አለ፤ አንዱ ለዓመታት ባልቲሞር ሲካሄድ የነበረው የዩኤስኤ ዳንስ፣ ሌላው በዩታ ፕሮቮ በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው። ቀድሞውንም ያልሞላው ሳጥን ለሁለት ተከፈለ። ኦሊምፒኩም ቢሆን የታሰበውን ያህል አልሆነም፤ ፌዴሬሽኑ በ2024 ፓሪስ ላይ ያስገባው ዳንስ ብሬኪንግ ነው። ብሬኪንግ አጣማሪ አይጠይቅም።

በየአካባቢው ያሉ አዘጋጆች የሚሞክሩት መፍትሔ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሳጥን ማዋሐድ ነው። ወለሉ ላይ የሦስት ዕድሜ ሰዎችን በአንድ ጊዜ አውጥቶ ውጤታቸውን ለየብቻ ማውጣት ቀላሉ ዘዴ ነው፤ ቢያንስ ማንም ብቻውን አይደንስም፣ ወለሉም ሞቅ ይላል። ደፍረው ሳጥኖቹን ራሳቸውን ቢቀንሱ የበለጠ ይጠቅም ነበር እላለሁ። ነሐስንና ብርን አንድ አድርጎ፣ ከ35 በላይ ያሉትን በሁለት ብቻ ከፍሎ መሞከር። የሚሸነፉት ያኮርፋሉ፤ ግን በሰው ተሸንፈው ነው።

ሁለተኛው ነጠላ ምድብ ነው። በምሥራቅ አውሮፓ አገሮች አጣማሪ ያጡ ልጃገረዶች ለብቻቸው የሚወዳደሩበት ምድብ ተከፍቶ በፍጥነት አድጓል፤ በብሪታንያም የሕፃናት ነጠላ ውድድር የተለመደ ነው፤ ወደ አሜሪካም እየገባ ነው። ለአዘጋጁ መልካም ዜና ነው፣ ቁጥር ይጨምራል። ለልጅቷም መልካም ዜና ነው፣ ወንድ እስኪመጣ አትጠብቅም። ዳኞቹን ግን ከዚህ በፊት ያልገጠማቸው ክርክር ውስጥ ከቷቸዋል። የላቲኑ አያስቸግርም፤ በሳምባና በቻቻ ጥንዱ ለብዙ እርምጃ ተላቆ ስለሚደንስ የአንዱን አካል ለብቻው መመዘን ይቻላል። ስታንዳርድ ላይ ግን የሚመዘነው በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ነው፤ የአንዱ ክብደት ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሸጋገር፣ መሪው የጀመረውን ተከታይዋ እንዴት እንደምትጨርሰው። ክንዷን በባዶ አየር ላይ ዘርግታ ፎክስትሮት የምትሄድ ልጅ አቋሟ ይታያል፣ እግሯ ይታያል፣ ምቱን መጠበቋ ይታያል። መከተሏን ግን ዳኛው የት ያየዋል? አንዳንዶቹ ይህ ለልምምድ እንጂ ለውድድር አይሆንም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ በአራት ሰከንድ ውስጥ ድሮስ ከአቋምና ከምት ሌላ ምን እናይ ነበር ብለው ይመልሳሉ።